ቡድኑ ሲወርድ ማን አብሮ ወረደ?

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ኳስ ነው። «የትዳርና የወዳጅነት ነገር በሚወራበት ገጽ ላይ ደግሞ ኳስ ምን ይሠራል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ግዴለም፣ ትንሽ ታገሱኝ። እኔም ብሆን ወንድሞቼ በአርሰናልና በማንችስተር ሲጨቃጨቁ ክፍሉን ለቅቄ የምወጣ ሴት ነበርኩ። ይሁንና ስለ ታማኝነትና ስለ ቂም ካወቅኩት ውስጥ ዋናውን ያወቅኩት እንግሊዝ አገር፣ አንድ የኳስ ሜዳ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። የምትደግፉት ክለብ በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ቢወርድ ምን ታደርጋላችሁ? አንድ ቅዳሜ ሲሸነፍ እንኳ ማሊያውን አውልቀን ሰኞ ከቢሮ የምንቀር ሰዎች ነን እኮ! እዚያ ግን እንዲህ ያለ መዓት የወረደበት ክለብ አለ፤ ስሙም ሉተን ታውን ይባላል። (የምጠራቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሉተን ከሎንዶን በስተሰሜን በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል የምታስኬድ ከተማ ናት። ድሮ በባርኔጣ ሥራ የታወቀች ስለነበረች ክለቡን እስከ ዛሬ «ባርኔጣ ሠሪዎቹ» ይሉታል። የተመሠረተው በ1885 ነው። ከ1905 ጀምሮ የተጫወተበት ኬኒልዎርዝ ሮድ የሚባለው ሜዳ በሰው ቤቶች መሐል ተወሽቆ የተሠራ ሲሆን፣ የእንግዳ ቡድን ደጋፊ የሚገባው በመኖሪያ ቤቶች ሥር ባለ መተላለፊያ ነው። ደረጃውን ሲወጣ የሰው ጓሮና የተሰጣ ልብስ ያያል። ታዲያ ይሄ ክለብ እንዲህ በዋዛ የሚታይ አልነበረም። በ1988 ዌምብሌይ ላይ አርሰናልን 3 ለ 2 አሸንፎ የሊግ ካፕን ዋንጫ ወስዷል። የአርሰናል ደጋፊዎች አትቀየሙኝ!

የወደቀ ዛፍ

ውድቀቱ የመጣው ተከታትሎ ነው። በ2007 ከሁለተኛው እርከን ወደ ሦስተኛው ወረደ። በ2008 ዕዳ ውስጥ ገብቶ ነጥብ ተቀነሰበትና ወደ አራተኛው ወረደ። የ2008/09 ውድድር ሲጀመር ደግሞ ገና አንዲት ኳስ ሳይመታ 30 ነጥብ ተቀነሰበት። አሥሩ ለተጫዋች ወኪሎች ያለ ደንብ በተከፈለ ገንዘብ ምክንያት፣ ሃያው ደግሞ ከዕዳ አስተዳደር ሲወጣ ደንቡን ባለመከተሉ ነበር። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይሉ የለ! ጥፋቱ የቀድሞ አስተዳዳሪዎች፣ ቅጣቱ ግን የደጋፊው ሆነ። ቡድኑ በዚያ ዓመት በሜዳ ላይ 56 ነጥብ ሰብስቦ ነበር። ሠላሳው ሲቀነስ 26 ቀረውና ወረደ።

የሚገርማችሁ ግን በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ለታችኛዎቹ እርከኖች በተዘጋጀው የዋንጫ ውድድር ለፍጻሜ ደርሶ ነበር። ወደ 40 ሺህ የሚጠጋ የሉተን ሰው ዌምብሌይን ሞላው፤ ስከንቶርፕን 3 ለ 2 አሸንፎም ዋንጫውን አነሳ። በዚያው ወር መውረዱ ተረጋገጠ። ዋንጫ ይዞ መውረድ ማለት ይሄ ነው።

አሁን «ከሊግ ውጪ» የሚለውን ነገር ላስረዳችሁ። በእንግሊዝ ሊጉ የሚባለው በአራት እርከን ያሉት 92 ክለቦች ናቸው። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ከሊግ ውጪ ነው። በዚያን ጊዜ አምስተኛው እርከን ኮንፈረንስ ይባል ነበር። ከተጋጣሚዎቹ መካከል እንደ ሂስተን ያለ የመንደር ቡድን ነበር። ቀን በሌላ ሥራ ውሎ ማታ ልምምድ የሚገባ ተጫዋች ያላቸው ክለቦችም ሞልተዋል። ከዚያ ለመውጣት ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ከ24 ቡድኖች የሚያልፉት ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው የወጣው በቀጥታ፣ ሌላው በማጣሪያ።

ባዶው ወንበር

እኔ ሉተን የገባሁት በዚሁ በ2009 ነው። የአክስቴ ልጅ ቤት ተጠግቼ የጥገኝነት ማመልከቻዬን አስገብቼ እጠብቃለሁ። መሥራት አይፈቀድልኝም። በሳምንት ወደ 35 ፓውንድ ይሰጠኛል፤ ከዚያችው ላይ የአገር ቤት ስልክ፣ ከዚያችው ላይ አውቶቡስ። በስደት ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ወረቀት የሌለው ሰው ወዳጁ ይሳሳል። አዲስ አበባ አብረውኝ ያደጉ፣ ሎንዶን የሚኖሩ ጓደኞቼ ስልክ ማንሳት ተዉ። ብር የምጠይቃቸው መስሏቸው ይሆናል እንጂ ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም።

ጎረቤታችን ሚስታቸው የሞተችባቸው እንግሊዛዊ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቅዳሜ በር ላይ አገኙኝና «ልጄ፣ ዛሬ ሥራ አለሽ?» አሉኝ። «ሥራ መሥራት አይፈቀድልኝም» አልኳቸው። «እንግዲያው ነይ፣ ወንበር አለኝ» አሉ። የአክስቴ ልጅ ይሄን ስትሰማ «አንቺ ልጅ አበድሽ እንዴ? በዚህ ብርድ ኳስ?» ብላ ጮኸችብኝ። እኔ ግን ቤት ውስጥ ግድግዳ ከማየት ብዬ ሄድኩ።

ወንበሩ የልጃቸው ነበር። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ከአባቱ ጎን የተቀመጠበት። ቡድኑ ከሊግ ሲወጣ «ከመንደር ቡድን ጋር ሲጫወት አላይም» ብሎ ቀረ። ከዚያ በኋላ ቼልሲን በቴሌቪዥን ማየት ጀመረ፤ አባቱን የሚጠይቀውም ለገና ብቻ ሆነ። ሽማግሌው ግን በየዓመቱ የሁለቱንም ወንበር ይከፍሉ ነበር። «ለምን ይከፍላሉ?» ስላቸው፣ «ባዶውን ሌላ ሰው እንዳይወስደው» አሉኝ። እኔም እስኪመጣ ድረስ ቦታ ጠባቂ ሆንኩ።

አምስት ዓመት እዚያ ተቀመጥን። በመጀመሪያው ዓመት ሁለተኛ ወጥቶ በማጣሪያው በዮርክ ተሸነፈ። በ2011 ለማጣሪያው ፍጻሜ ደርሶ፣ ማንችስተር ላይ በኤኤፍሲ ዊምብልደን በፍጹም ቅጣት ምት ተረታ። በ2012 እንደገና ለፍጻሜ ደረሰ፤ ዌምብሌይ ላይ ቀድሞ አግብቶ በዚያው በዮርክ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት ጭራሽ ሰባተኛ። ያም ሆኖ በአማካይ ከስድስት ሺህ በላይ ሰው ሜዳ ይገባ ነበር። ከተጋጣሚዎቹ ብዙዎቹ ሁለት ሺህ ሰው አያገኙም።

በዚያ ሁሉ ጭለማ መሐል አንዲት ቀን ነበረች፤ ጥር 26 ቀን 2013። በኤፍ ኤ ካፕ ሉተን ወደ ኖርዊች ሄዶ የፕሪሚየር ሊጉን ቡድን በሜዳው 1 ለ 0 አሸነፈ። ተቀይሮ የገባ ልጅ ነው በ80ኛው ደቂቃ ያገባው። ከሊግ ውጪ ያለ ቡድን የአንደኛውን እርከን ቡድን ሲያሸንፍ ከ1989 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ሽማግሌው በሬዲዮ ሰምተው ያለ ኮት እየሮጡ መጥተው በራችንን ሲደበድቡት የአክስቴ ልጅ ቤቱ የተቃጠለ መስሏት ነበር።

በ2014 ነገሩ አለቀ። ሉተን 101 ነጥብ ይዞ፣ ሁለተኛውን በ19 ነጥብ በልጦ ወደ ሊጉ ተመለሰ። የእኔም ወረቀት ከዚያ በፊት ወጥቶ ሥራ ጀምሬ ነበር። አያችሁ፣ ስልኬ እንደገና መጮህ የጀመረውም ያኔ ነው።

ደጋፊው የሚናፍቀው ምንድን ነው?

ከጨዋታ በፊት ሜዳው አካባቢ ያለ አንድ መጠጥ ቤት የሚሰበሰቡ የድሮ ደጋፊዎች አሉ። ያንን ጊዜ ሲያነሱ ደስ ብሏቸው ነው የሚያወሩት። የትኛው መንደር ሜዳ ላይ ሻይ የቀዱላቸው ሴትዮ የግብ ጠባቂው እናት እንደነበሩ፣ የት ዝናብ እንደመታቸው፣ የት መኪና እንደተበላሸባቸው። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ሰው እንዴት ውርደቱን ይናፍቃል?

አንዷ እናት ያስረዱኝ ነገር ልብ ያስገባል። «በዚያ ጊዜ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ለምን እንደመጣ አውቅ ነበር» አሉኝ። ዋንጫ የለ፣ ዝና የለ፣ ቴሌቪዥን ላይ መታየት የለ። የመጣው ሁሉ ወዶ ነው። ክለቡንም በ2008 ገዝተው ከሞት ያተረፉት ደጋፊ የሆኑ ነጋዴዎች ናቸው። የደጋፊዎቹ ማኅበርም የክለቡ ስም፣ ቀለምና አርማ እንዳይቀየር የመከልከል መብት አግኝቷል።

ነገር ግን ሁሉም በአንድ ልብ አልነበሩም። ጭቅጭቁ የመጣው በ2023 ነው። ግንቦት 27 ቀን ሉተን ዌምብሌይ ላይ ኮቨንትሪን በፍጹም ቅጣት ምት 6 ለ 5 አሸንፎ ፕሪሚየር ሊግ ገባ። ከሊግ ውጪ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እስከ ፕሪሚየር ሊግ ከዚያው ክለብ ጋር የወጣ አንድ አማካይ ተጫዋችም ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በእንግሊዝ ኳስ ከዚያ በፊት አልታየም። ከተማው አበደ። ሜዳው ግን ከአሥራ ሁለት ሺህ ሰው በላይ አይዝም፤ ወንበር ፈላጊው ደግሞ ስንትና ስንት!

ይኼኔ የሽማግሌው ልጅ ደወለ። «አባዬ፣ ወንበሬ አለ?»

መጠጥ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ «በዝናብ ያልነበረ በፀሐይ አይመጣም!» ብሎ ጠረጴዛ መታ። ሌላው «የአባቱ ልጅ ነው፤ እሷ ናት እንግዳ» አለ፤ እዚያው ተቀምጬ እየሰማሁ። ዐሥራ አራት ዓመት የተቀመጥኩበት ወንበር ነበር። እኔም በበኩሌ የዓመት ቲኬቱን በራሴ ገንዘብ መክፈል ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ። ሽማግሌው ግን ወደ እኔ ዞረው «ወንበሩ ያንቺ ነው፤ እኔ አላዝም» አሉኝ። ዓይናቸው ግን ሌላ ይላል። ሰማንያ የተጠጉ ሰው ናቸው፤ ልጃቸውን ከገና ወደ ገና ነው የሚያዩት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያንን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስልኬን ያላነሱልኝ ጓደኞቼ ሁሉ በሐሳቤ መጡ። «በክፉ ቀን የት ነበርሽ?» ማለት እንዴት ይጣፍጣል መሰላችሁ! ግን የዚያ ሽማግሌ ነገር አሸነፈኝ። በየዓመቱ ለባዶው ወንበር የከፈሉት ልጃቸውን ሊቀጡ አልነበረም። ሲመለስ የሚቀመጥበት እንዳያጣ ነው።

ማለዳ ለልጁ ደወልኩ። ጨዋታዎቹን እኩል ለእኩል እንድንካፈል፣ ትልልቆቹን ብቻ መርጦ እንዳይወስድ ነገርኩት። ተስማማ። አርሰናል የመጣ ዕለት፣ ታኅሣሥ 2023፣ ዕጣው የእሱ ሆነ። ሉተን 3 ለ 2 መርቶ የነበረ ቢሆንም በመጨረሻው ጭማሪ ደቂቃ 4 ለ 3 ተሸነፈ፤ ይሄን እናንተም በዲኤስቲቪ ቤት ሳታዩት አልቀራችሁም። በማግሥቱ ሽማግሌው «ልጄ አለቀሰ» አሉኝ። ሲያወሩ ግን ፊታቸው የበራ ነበር።

ሉተን በዚያ ዓመት በ26 ነጥብ ወረደ። ይቺ 26 አትለቀውም! በ2025 ደግሞ እንደገና ወደ ሦስተኛው እርከን ወረደ። ያኔ መጠጥ ቤት ያሉት ሁሉ «አሁን ልጁ ይጠፋል» አሉ። ሽማግሌው ጉልበታቸው ደረጃ መውጣት እምቢ ብሎ ቤት ሆነው በሬዲዮ ይከታተላሉ። የእሳቸውን ወንበር የያዘው ልጃቸው ነው። ሦስተኛው እርከን ላይ፣ በዝናብ፣ ከእኔ ጎን ተቀምጧል። «ያኔ ለምን ቀረህ? አሁንስ ለምን መጣህ?» ብዬ ጠይቄው አላውቅም። ጨዋታው ሲያልቅ ቀጥታ አባቱ ዘንድ ይሄዳል፤ ይሄ ይበቃኛል።

እንግዲህ አንባብያን፣ በሥራ ማጣት ጊዜ የራቀ ወንድም፣ በበሽታ ጊዜ የጠፋ ጓደኛ፣ በድህነት ጊዜ ፊቱን ያዞረ ዘመድ ያለው ከመሐላችን ስንቱ ነው? በክፉ ቀን አብሮ የተቀመጠውን ሰው እወቁት፤ ስሙንም በልባችሁ ጻፉት። ለእሱ የሚከፈል ዋጋ የለም። የራቀውን ግን መዝገብ አውጥታችሁ «ይህን ያህል ዓመት ቀርተሃል» ብላችሁ አትቁጠሩበት። ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም። ደግሞም ዝም ብላችሁ ሁሉንም አስረክቡት አላልኩም። እኩል ለእኩል በሉት፤ የሚቀጥለው ዝናብ ሲመጣ ማንነቱን ራሱ ይነግራችኋል።

ከጠፉት ጓደኞቼ አንዷ ባለፈው ሰሞን ሉተን መጥታ ቤቴ ቡና ጠጣች። ስልክ ያላነሳችበትን ዘመን አላነሳንም። ቅዳሜ ኳስ ልወስዳት ነው፤ ኮት እንድትደርብ ነግሬያታለሁ።