ከሐሙሲት እስከ ዑራ፤ ያለ መኪና

የትምህርት መጻሕፍቶቻችን የፈረንጆቹን የአበባ ወራት «ጸደይ» ብለው ተረጐሙልን፤ እኛም ሳንመረምር ተቀበልነው። በአባቶቻችን ቀመር ግን ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው፤ በጣና ዙሪያ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ገበሬው ሰማይ ሰማይ እያየ የሚጀምረው ወቅት ማለት ነው። ምድራችን በአበባ የምታጌጠው በመፀው መባቻ፣ በመስከረም መጨረሻ ነው። መስከረም 26 ቀን ዘመነ ጽጌ ይገባል፤ ስሙም የአበባ ዘመን ማለት ነው። ይህን የማነሣው ለቃላት ክርክር ብዬ አይደለም። የሦስት ቀን ጉዞ ለማቀድ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ስቀመጥ ወቅቱን ቀድማ የመረጠችው እናቴ ስለ ሆነች ነው።

እናቴ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። የግራ ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ አሁን ደግሞ በቀኙ በኩል ጭጋግ ጭጋግ ይላት ጀምሯል። ሐኪሙ ለኅዳር ቀጥሯታል። ሞራ በቀዶ ጥገና እንደሚወገድና ብዙ ሰውም ብርሃኑን መልሶ እንዳገኘ ደጋግሜ ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ፣ «ይሁን፤ ባይመለስስ?» አለችኝ። «ከዚያ በፊት ዑራ ኪዳነ ምሕረትን በዓይኔ ልያት። በጽጌ ውሰደኝ ልጄ።»

ሐሙሲት ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። እንደ ማክሰኚትና እንደ አርብ ገበያ በቀን ስም የምትጠራ፣ የጎንደሩና የእስቴው መንገድ የሚለያዩባት ከተማ ናት። ይሁን እንጂ እናቴ ባሕር ዳርን የምታውቃት በሐኪም ቤት ወረፋ ብቻ ነው። ዘንባባውን፣ ብስክሌተኛውን፣ የሐይቁን ዳር ሁሉ ሳታይ በመጣችበት ሚኒባስ ስትመለስ ኖራለች። አንድ መኪና ያለው ዘመዳችን በቅንነት «በአንድ ቀን አዙሬ አመጣችኋለሁ» ብሎን ነበር። አመስግነን ተውነው። በእርሱ ሰዓት ብንሄድ እናቴ እንደ ልማዷ ሰው እንዳላስቸግር ስትል ገና ሳታይ «ይበቃኛል» እንደምትል አውቃለሁ።

እንግዲህ የአርቡ ዕቅድ ይህ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው መንገዱ ክፍት መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ግጭት ከተነሣ ወዲህ መንገድ ሳይታሰብ የሚዘጋበት ቀን ስላለ፣ በወረቀቴ አናት ላይ «መንገዱ ከተከፈተ» የሚል ቃል ሰፍሯል። ከተከፈተ፣ የጠዋቱ ሚኒባስ ጋቢና ለእናቴ ይያዛል፤ ከኋላ ያለው መንገጫገጭ ለጉልበቷ አይሆንም። ዘንዘልማን አልፈን ከድልድዩ ወዲህ እንወርዳለን። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ የእግረኛና የብስክሌት መንገድም አለው። እናቴ ዓባይን የተሻገረችው ሁልጊዜ ተቀምጣ፣ ያውም በሰው ትከሻ መካከል አሻግራ እያየች ነው። አሁን መደገፊያውን ይዛ፣ ስትፈልግ ቆማ፣ ውሃው ከሐይቁ ተለይቶ ሲወጣ እያየች ትሻገረዋለች። ሲደክማት ባጃጅ እንጠራለን።

የቅዳሜው ነገር ጥቂት ስሌት ይጠይቃል። ጣና በማለዳ ጸጥ ይላል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ጀልባዋን ይንጣል። ወደ ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከወደቡ እስከ ዑራ ያለው በቡናው ጫካ ውስጥ የሚወጣ ድንጋያማ መንገድ ለወጣት ሃያ ደቂቃ ቢሆን ለእኛ አንድ ሰዓት ነው። ሥዕሎቹ ደግሞ በመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያ፣ በጥላ ውስጥ ናቸው፤ ዓይኑ ለደከመ ሰው ፀሐይ ከፍ ብላ በበሮቹ በኩል ብርሃን መግባት አለበት። ስለዚህ ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት ተነሥተን ሦስት ሰዓት ላይ እንደርሳለን፤ አረፍ ብላ ትንፋሿ ሲመለስ አራት ሰዓት ይሆናል፤ ብርሃኑም ያን ጊዜ ይደርሳል። እናቴ በላኤ ሰብእን ፍለጋ ነው የምትሄደው። ሰባ ስምንት ነፍስ በልቶ፣ ስለ እመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው በሰጠው ጥርኝ ውሃ የዳነውን ሰው ታሪክ በቃሏ ታውቀዋለች። ሚዛኑ እንዴት እንዳዘነበለ ሠዓሊው ያሳየውን ማየት ትፈልጋለች። እኔ ተውኔት እየጻፍኩ ሃያ ዓመት ስኖር ከዚህ የሚበልጥ ትዕይንት አላገኘሁም።

ጀልባ ሲከራዩ የሚቀርበው የጉብኝት ዝርዝር ብዙውን ጊዜ ክብራን ገብርኤልን ይጨምራል። ክብራን ሴት አትገባም፤ እናቴን በጀልባ አስቀምጬ እኔ ብቻዬን የምሳለመው ደሴት ከዕቅዴ ወጥቷል። ጢስ ዓባይም ወጥቷል፤ ይህ ግን ቆጭቶኛል። በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ፏፏቴው በበጋ ስለሚቀጥን፣ አምሮ የሚታየው ልክ በዚህ ወቅት ነው። ዳሩ ግን የአላታን ድልድይ ተሻግሮ ያለው አቀበት ከዑራው ጋር ተደምሮ በአንድ ጉዞ ለእርሷ አይቻልም።

ምሳችን ሽሮ ነው። በሐይቁ ዳር ዓሣው ሲጠበስ ሽታው ቢያውድም እናቴ ጽጌን ትጾማለች፤ የፈቃድ ጾም መሆኑን ላስታውሳት አልደፍርም።

ቅዳሜ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ አለ። በባሕር ዳር ጊዮርጊስ ቆመን ልናድር አስበናል፤ ለእርሷ በርጩማ እይዛለሁ። በዚያ ሰዓት ባጃጅን ተስፋ ማድረግ ስለማይገባ አልቤርጎው ከቤተ ክርስቲያኑ በእግር የሚደረስበት መሆን ይኖርበታል። ዋጋው ትንሽ ከበድ ይላል፤ ግዴለም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቀን ሳለ ወደ ቤታችን እንመለሳለን።

እናቴ በነሐሴ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወርዳ ጉልበቷን ታጥባ መጥታለች። አሁን በየማለዳው መቋሚያዋን ይዛ እስከ አስፋልቱ ደርሳ ትመለሳለች፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። የሚኒባሱ ረዳት ስልኬን መዝግቧል፤ የመንገዱን ነገር ሐሙስ ማታ ደውሎ ይነግረኛል።