ስማችን ከዝርዝሩ ቢጠፋስ?

ሳይንስ የሚሆንለት ልጅ በአገራችን ሁለት ጊዜ ስም ይወጣለታል። አንዱን ቤተሰቡ ያወጣል፤ ሁለተኛውን ጎረቤት። የጎረቤቱ ስም ደግሞ ለሁላችንም አንድ ነው፦ «ዶክተር»። ገና ስምንተኛ ክፍል ሳንደርስ ቡና ላይ «የኔ ዶክተር፣ እስቲ ይችን ወገቤን እያት» እየተባልን አድገናል። እኛም ስሙን ወደድነው። ማን ይጠላል? ስለዚህ የአንድ ዶርም ልጆች፣ ስድስታችንም፣ በመጀመሪያ ምርጫችን ላይ ሕክምና ብለን ሞላን። ይህን የምንጽፈው ከኋላችን ቅጹን ለምትሞሉት ነው።

የፍሬሽማን ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከተመለሰ ወዲህ ወደ ሕክምና የሚያስገባው ማትሪክ ብቻ አይደለም። አሠራሩ እንደየዩኒቨርሲቲው ቢለያይም፣ የ12ኛ ክፍል ውጤትና የመጀመሪያው ዓመት ነጥብ ዋነኞቹ ሚዛኖች ናቸው፤ ተጨማሪ ፈተና የሚሰጥበትም አለ። ማትሪኩ እንግዲህ የፈሰሰ ውኃ ነው፣ አይታፈስም። በእጃችን የቀረው ነጥቡ ነበር።

እዚህ ላይ ያየነውን እንንገራችሁ። አብዛኛው ሕክምና ፈላጊ ባዮሎጂና ኬሚስትሪን ሌሊቱን ሙሉ ይቸክላል፤ ሎጂክን፣ ሳይኮሎጂንና የኢትዮጵያን ጂኦግራፊ ግን «እነሱማ ለጨዋታ ናቸው» ብሎ ለፈተና ዋዜማ ያቆያቸዋል። ሬጂስትራር ግን ጨዋታ አያውቅም። ሦስት ክሬዲት ሦስት ክሬዲት ነው፤ በጂኦግራፊ የመጣ ሲ በባዮሎጂ የመጣውን ኤ ቁልቁል ይጎትተዋል። ከመካከላችን ደህና ነጥብ ያመጡት እንቅልፍ ያጡት አልነበሩም፤ ኮርሱን ሁሉ በእኩል ዓይን ያዩት ናቸው።

ሁለተኛው፣ እርስ በርስ ማስተማር ነው። ማስረዳት ያቃተው ሰው ነገሩ አልገባውም ማለት ነው። አንዱ ጓደኛችን የአሲድና የቤዝን ነገር ሊያስረዳን ተነሥቶ ሦስት ጊዜ ተንተባተበ። በአራተኛው፣ በደማችን ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት የደምን ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ቦታ እንዴት ይዞ እንደሚያቆይ ሲነግረን፣ ያ ደረቅ ኬሚስትሪ ድንገት የሰው ትንፋሽ ሆነብን። ከዚያ ወዲህ ያንን ምዕራፍ የቸከለው የለም፤ ገባንና ቀረ።

ሦስተኛው ለነጥብ የማይረዳው ነው። ትምህርት በሌለን ቀን ወደ አንድ ሆስፒታል እየሄድን፣ ከገጠር የመጡ ሕመምተኞችን ከካርድ ክፍል ወደ ላብራቶሪ፣ ከላብራቶሪ ወደ መድኃኒት ቤት እናደርስ ነበር፤ ወረቀታቸውንም እናነብላቸዋለን። ይህን የሚቆጥር ሬጂስትራር የለም። ግን አንድ ጥያቄ እዚያ ወንበር ላይ ይዞን ቁጭ አለ፦ የምንፈልገው ማከም ነው ወይስ ዶክተር መባል? ቀኑን ሙሉ ተሰልፈው ወረፋ ያልደረሳቸውን ሽማግሌ እያዩ ይህን ጥያቄ መሸሽ አይቻልም። መልሳችን አንድ ዓይነት አልነበረም። አንደኛው ጓደኛችን «ደሙ አይደለም የከበደኝ፤ ‹ነገ ተመለሱ› ማለቱ ነው» አለን።

ዝርዝሩ ወጣ። ከስድስታችን ሁለታችን ገባን፣ አራታችን ቀረን።

ያን ማታ ዶርማችን ለቅሶ ቤትም ሠርግ ቤትም መሆን አቃተው። የገቡት ደስታቸውን የት እንደሚደብቁት ጠፋባቸው፤ የቀሩት ያለ ልክ ይስቁ ነበር። ከሁሉ የከበደው ግን ወደ ቤት መደወሉ ነው። አንዱ ደወለና «እማዬ፣ ሕክምና አልደረሰኝም» አለ። ስልኩ ጸጥ አለ። ቀጥሎ «ታዲያ ታመምክ እንዴ? አልታመምክም አይደል? በል እራትህን ብላ» አሉት። ሁላችንም የሰማነው ያኔ ነው፤ ስሙ የጎረቤት ነበር፣ ልጁ ግን የእሳቸው ነው።

ስም ሲጠፋ መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ተራ ነው፦ ውጤቱን ማጣራት። የተሳሳተ ግሬድ ገብቶ እንደሆነ፣ ቀኑ ሳያልፍ በጽሑፍ አቤት ማለት መብት ነው። ስሕተት ከሌለ ግን ከነጥብ ሽርፍራፊ ጋር ሌሊት መታገል ዋጋ የለውም። ጥቂት ቀን ይዘን፤ ማዘን ነውር አይደለም። በንዴት ግን ሌላ ክፍል አይመረጥ፤ አንድ ሳምንት የሚያበርደው ቁጣ አራት ዓመት እንዳይማር።

እኛም ከዚያ በኋላ ነው «ለመሆኑ በዚህች አገር ሰውን ሲያድን የኖረው ማን ነው?» ብለን ቁጭ ያልነው። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ መጀመሪያ ያሠለጠነው ሐኪሞችን አልነበረም፤ በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ የሚወርዱ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ነበር። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ከ30,000 በላይ ሠራተኞችን፣ አብዛኞቹን ሴቶች፣ በየቀበሌው አሰማራ። በ1992ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ክትባቱን የያዘችው እጅ ግን ብዙ ጊዜ የሐኪም እጅ አልነበረችም።

በሩም አንዴ ተዘግቶ አይቀርም። በ2004 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ ሐኪም የሚያደርግ መርሐ ግብር በ13 ተቋማት ተጀምሮ፣ ነርስና ጤና መኮንን የነበሩ ሰዎች በዚያ መንገድ ሐኪም ሆነዋል። የገቡትም ቢሆን ገነት አልገቡም፤ በግንቦት 2011 ሐኪሞች ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታቸው ሰልፍ ወጡ፣ በግንቦት 2017 ደግሞ የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ። ይህን የምንለው ለቀሩት ማጽናኛ እንዲሆን አይደለም፤ ነጩን ጋውን ከነክብደቱ እንድታዩት ነው።

ከአራቱ አንዱ ጤና መኮንንነት፣ አንዱ ፋርማሲ፣ አንዱ ላብራቶሪ ገቡ። አራተኛው ባዮሎጂ ደረሰው፤ እስከ ዛሬ አልተጽናናም። እኛም አናባብለውም፤ ሻይ አብረነው እንጠጣለን፣ ሲፈልግ ያወራናል። እናንተ ግን ቅጹ እጃችሁ ሲገባ ከመጀመሪያው መስመር በታች ያሉትን መስመሮች በሩጫ አትሙሏቸው። የሁለተኛ ምርጫችሁን ባለሙያ ፈልጉና አንድ ቀን አብራችሁት ዋሉ። ከስድስታችን ለአራታችን ያ መስመር ነው ሕይወት የሆነው።