የሐይቁ ምሽት

ከአዲስ አበባው ዋና መሥሪያ ቤት ለሥራ የሚመጡ ባልደረቦቼ አንድ የተለመደ ቀልድ አላቸው፤ «ሐዋሳ ሐይቅ አላት፣ ባሕር ዳር ሐይቅ አላት፣ እናንተ ጅማዎች ግን ቡና ብቻ!» ይላሉ። እኔ ደግሞ ተወልጄ ባደግኩባትና ዛሬም በምኖርባት መንደራ ቆጪ ምዬ «እኛም አለን!» እላለሁ።

ከተማችን ዳር ያለውን፣ ጉማሬ የሚታይበትን የቦዬን ረግረግ ማለቴ አይደለም። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አስፋልት ሰርቦን አልፋችሁ፣ ወደ አሰንዳቦና ደነባ አካባቢ ስትደርሱ ከሸለቆው ውስጥ ሰፊ ውኃ ተኝቶ ታገኛላችሁ። የግልገል ጊቤ ግድብ ያቆመው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። በ1996 ዓ.ም የተመረቀው ኃይል ማመንጫ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ውኃው እዚያ ሥራውን ጨርሶ አያርፍም፤ ወደ 26 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ ተጉዞ የግልገል ጊቤ ሁለትን ተርባይኖች ያሽከረክራል። ቤታችሁ አምፖል ስታበሩ የዚህ ሐይቅ እጅ ሊኖርበት ይችላል።

ቢዝነስ አጥንቼ በማርኬቲንግ ሙያ የምተዳደር ሰው ነኝና፣ ደስ የሚል ቦታ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚታየኝ ማስታወቂያ ነው። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ኅዳር፣ ባለቤቴንና የአራት ዓመት ልጃችንን ይዤ ወደ አዳዳ ቤት ስሄድ፣ በሐሳቤ «ቅዳሜና እሁድ ከቤተሰብ ጋር በሐይቁ ዳር» የሚል ጽሑፍ እየነደፍኩ ነበር። አዳዳ የምንላቸው የአባቴን እህት ነው። ቤታቸው ከውኃው ዳር በእግር ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም።

ቀኑ እንደተመኘሁት ሆነ። አዳዳ ጨጨብሳ በማር አቀረቡልን፤ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ወሬው አላለቀም። ከሰዓት ወደ ውኃው ወረድን። ልጄ ከብቶቹ ውኃ ሲጠጡ እያየች ስትስቅ፣ እኔ ፎቶ ሳነሳ ዋልኩ።

ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል አዳዳ «ልጅቷን አስገቧት» አሉ። «ትንሽ ብቻ፣ ውኃው ላይ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ላንሳት» አልኳቸው። ዝም አሉ። እንግዳ አይቆጡም። ሲመሽ ያላቸውን አንድ አጎበር ከራሳቸው አልጋ ፈትተው እኛ የምንተኛበት ላይ ሰቀሉልን። ሌሊት ልጄ «ሞቀኝ» ብላ ስትነጫነጭ አጎበሩን የገለጥኩት ራሴ ነኝ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት። ጉንፋን መስሎኝ ሁለት ቀን ሽሮፕ እየሰጠሁ ቆየሁ። ለሌላ ጉዳይ የደወሉት አዳዳ ድምፄን ሰምተው ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። «ደሟን አስመርምሪ። ነገ አይደለም፣ ዛሬ» አሉኝ። ወባ ነበር። በሐኪም ትእዛዝ መድኃኒቷን ጨርሳ ዳነችልኝ። ያንን ሌሊት ግን፣ እጄን ግንባሯ ላይ አድርጌ ያደርኩበትን፣ አልረሳውም።

ልጄ ካገገመች በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ ከሐይቁ በ3 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የሚኖሩ ሕፃናትን ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ርቀው ከሚኖሩት ጋር አነጻጽሮ፣ ለውኃው የቀረቡት በወባ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱን ለመገመት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ውኃው ሲሸሽ ዳር ዳሩን ትንንሽ ኩሬ ትቶ ይሄዳል፤ ከብት የረገጠው ጭቃም ውኃ ይይዛል። ለወባ ትንኝ እጭ ይህ ይበቃታል። ልጄን ያሳቀው የከብቶቹ መስመር፣ እኔም «እንዴት ያምራል!» ብዬ ያነሳሁት ፎቶ፣ ያው ነበር።

በጥር ወር ሦስት አዲስ አጎበር ይዤ ብቻዬን ሄድኩ። «አዳዳ፣ ለምን ከዚህ አይነሱም? እኛ ጋ ጅማ ይምጡ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ውኃው መጣብን እንጂ እኛ ወደ ውኃው አልመጣንም» አሉኝ። ግድቡ ሳይሠራ በፊት የሚያርሱት ማሳ ከሸለቆው ግርጌ ነበር። እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ፤ የሚታየው ውኃ ብቻ ነው። ማታ ደግሞ እራት የበላነው በፀሐይ በምትሞላ ትንሽ ፋኖስ ነበር። እሷንም እንዳላየሁ ማለፍ አልቻልኩም።

ይህን ሁሉ ስሰማ ያን ማስታወቂያዬን ልቀደው ወሰንኩ። አዳዳ ግን አልተስማሙም። «ስሙን አታጥፊበት። ልጆቹ ዓሣ ያጠምዱበታል፤ ውኃው ሲሸሽ ለከብቱ ሣር ይተዋል። ሰው ይምጣ፤ ዓሣውንም ማሩንም ይግዛን። ማታውን ግን ንገሪያቸው» አሉኝ።

እነሆ ነገርኳችሁ። ለጉብኝት የሚሄድ ሰው የሚያየው የሐይቁን ቀን ነው፤ እዚያ የሚኖረው ግን ምሽቱንም ይኖረዋል። ስለዚህ ስትሄዱ፣ በተለይ ክረምቱ አልፎ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ የራሳችሁን አጎበር ያዙ፤ የአስተናጋጃችሁን አትውሰዱ። ለልጆች እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ አትርሱ፤ ሳይመሽም አስገቧቸው። ከተመለሳችሁ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ከመጣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የት እንደነበራችሁ ተናገሩ።

ደግሞም የቤቱ ባለቤት «አስገቧት» ሲሏችሁ፣ ካሜራውን አስቀምጣችሁ ግቡ።