ንጹሕ ድንጋይ

ሰሞኑን ስለ አንድ የባሕር ትል ሳነብ አመሸሁ። በሳይንሳዊ ስሙ ሃይድሮይደስ ኤሌጋንስ ይባላል። በሞቃት ባሕሮች ወደቦች፣ በመርከብ ሆድና በምሰሶ ላይ፣ ኖራ የመሰለ ነጭ ቱቦ ሠርቶ ይኖራል። መርከብ ስለሚያከብድ ባለመርከቦች አይወዱትም። እኔን የማረከኝ ግን ቱቦውን ከመሥራቱ በፊት ያለችው አጭር የነጻነት ዘመኑ ናት።

ትሉ ሕይወትን የሚጀምረው በዓይን ለማየት የምታስቸግር እጭ ሆኖ ነው። በጥቃቅን ፀጉሮቹ እየቀዘፈ ውኃው ወደ ወሰደው ይሄዳል። አምስት ቀን ያህል በልቶ ካደገ በኋላ ለመስፈር ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ጥያቄ አንድ ነው፤ የት? አንዴ ከተጣበቀ መነሣት የለም። በደቂቃዎች ውስጥ በዙሪያው ስስ ቱቦ ያበጃል፤ መቅዘፊያ ፀጉሮቹን ይጥላል፤ በሰዓታት ውስጥ መልኩ ይለወጣል። ዕድሜ ልኩን እዚያው ነው።

የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው ማይክል ሃድፊልድና ባልደረቦቹ በፐርል ሃርበር የሚኖረውን ይህን ትል ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። እጩ ንጹሕ ድንጋይ አይወድም። ያልተነካ መስተዋት ቢያኖሩለት እየዋኘ ያልፈዋል። የሚሰፍረው ባክቴሪያዎች ቀድመው በሰፈሩበት፣ የሚያዳልጥ ስስ ሽፋናቸውን በተዉበት ገጽ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ከነዚህ ባክቴሪያዎች አንዱ ወስፌ የመሰሉ እጅግ ረቂቅ መሣሪያዎች እንደሚሠራ ታወቀ። ወደ 100 የሚጠጉት ባንድነት ይደረደራሉ። አሠራራቸው አንዳንድ ቫይረሶች ባክቴሪያን የሚወጉበትን ጅራት ይመስላል። እጩ ግን ሲነኩት አይሞትም፤ ትል ወደ መሆን ይለወጣል።

ይህን ሳነብ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቤት የገዛሁበት ቀን ትዝ አለኝ።

ለዓመታት ከኪራይ ወደ ኪራይ ስዋኝ ኖሬያለሁ። ሻንጣዬን ሙሉ በሙሉ አራግፌ አላውቅም ነበር። ቤት ልግዛ ብዬ በተነሣሁ ጊዜ መጀመሪያ ያሳዩኝ አዲስ ሕንጻ ነበር። ግድግዳው በረዶ የመሰለ፣ ወለሉ ፊት የሚያሳይ። የሚነቀፍ ነገር አጣሁበት፤ ሆኖም አመስግኜ ወጣሁ። ሁለተኛው ያረጀ ነው። ደረጃውን ስወጣ የተቆላ ቡና ሽታ ተቀበለኝ። በወጥ ቤቱ መደርደሪያ ጥግ ላይ፣ ማንም ፈትጎ ያላስለቀቀው የበርበሬ ቅላት አለ። ያንን በጣቴ ነካሁት። በዚያው ሳምንት ፈረምኩ።

መረጥኩ ወይስ ተወጋሁ? እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። ወጪና ገቢ አስልቼ ነበር፤ ሒሳቡ ወደ አዲሱ ሕንጻ ያደላ ነበር። ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸው፣ ከእኔ በፊት በዚያ ቤት ቡና ቆልተው ያለፉ ሰዎች ግን ከሒሳቡ በረቱ። እነርሱ ለእኔ ብለው የተዉት ነገር አልነበረም። ኖረው ነው የሄዱት።

እናቴ በየእሑዱ በስልክ ታገኘኛለች። «ልጄ፣ መቼ ነው የምትገባው?» ትለኝ ነበር። እኔም «ለከርሞ» እላት ነበር፤ ለከርሞ፣ ደግሞም ለከርሞ። የፈረምኩ ዕለት ቤት መግዛቴን ነገርኳት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ስለ ዋጋው ትጠይቀኛለች፣ ስለ ስፋቱ ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ቡና የሚጠራራ ጎረቤት አለ?» አለችኝ።

«አለ እማዬ።»

«ተመስገን» አለች።

ከዚያ እሑድ ወዲህ መቼ እንደምገባ ጠይቃኝ አታውቅም።