ከዲላ እስከ ይርጋ ጨፌ፤ የጓሮ ቡና የሚለቀምበት ቀን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞጆ፣ በሻሸመኔና በሐዋሳ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ዲላ ይደርሳል። እስከዚህ ድረስ መንገደኛው ሜዳና ሐይቅ ሲያይ መጥቷል፤ ከዲላ ወዲያ ግን አገሩ ሁሉ ጥላ ነው። ከአውቶቡስ መስኮት ሆኖ የሚመለከት ሰው ጫካ ያየ ይመስለዋል። ጥቂት ቆይቶ ከጫካው መካከል ጢስ ሲወጣ፣ የጎጆ ጉልላት ብቅ ሲል፣ ደብተር የያዙ ልጆች ከዛፍ ሥር ሲመጡ ያያል፤ ያን ጊዜ ጫካ ያለው ነገር የሰው ጓሮ መሆኑ ይገባዋል።

የጌዴኦ ሰው ጓሮውን የሚሠራው እንደ ፎቅ ቤት ነው። ከላይ ዋንዛው፣ ብርብራውና ሰሳው ጣራ ይሆናሉ፤ ከመካከል እንሰቱ ሰፊ ቅጠሉን ይዘረጋል፤ ከሥር ቡናው በጥላ ተሸፍኖ ይኖራል። ይኸው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተመዝግቧል። ስለ መዝገቡ ብዙ ተነግሯልና እዚህ ላይ አልዘገይም፤ የእኔ ጉዳይ ከዚህ ያነሰ ነው፤ ይኸውም የጓሮ ቡና ለመለቀም መድረሱን ባለቤቱ በምን ያውቃል የሚለው ነው።

ይህን ለማየት የሚፈልግ ሰው በኅዳር ይምጣ። ለቀማው ብዙውን ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው፤ ቆላ ያለ ሥፍራ ይቀድማል፣ ደጋው ይዘገያል። በኅዳር ወር ከወናጎ እስከ ይርጋ ጨፌ ባለው መንገድ ዳር ቀይ ፍሬ የሞላ ቅርጫት ያልተሸከመ ሰው ማግኘት ያስቸግራል።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከስምንትና ከዘጠኝ ወር በፊት ነው። በደረቁ ወራት ተኝቶ የከረመው ቡና የበልግ ዝናብ ሲነካው በጥቂት ቀን ውስጥ ነጭ አበባ ያወጣል፤ ጓሮው ሁሉ ይሸታል፤ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ አበባው ይጠወልጋል። ዝናቡ አንድ ጊዜ ጥሎ ዝም ካለና ከሳምንታት በኋላ እንደገና ከመጣ፣ አበባውም እንደዚሁ በየተራ ይወጣል። እንግዲህ ችግሩ የሚወለደው ከዚህ ነው። በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ የየካቲት ልጅና የመጋቢት ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያድጋሉ፤ አንዱ ሲቀላ ሌላው ገና አረንጓዴ ነው። ስለዚህ ቡናው የሚደርስበት አንድ ቀን የለም፤ የሚደርሰው ፍሬ በፍሬ ነው።

የመጀመሪያው ምልክት መልኩ ነው። ጥቁር አረንጓዴ የነበረው ፍሬ ይፈዛል፤ ቀጥሎ የሎሚ፣ ከዚያም የብርቱካን መልክ ይይዛል፤ ኋላም ይቀላል። ልምድ የሌለው ሰው ቀላ ሲል ይቀጥፈዋል። አዋቂው ግን ቅላቱ ዙሪያውን እስኪሞላና ወደ ወይን ጠጅ መልክ እስኪጠጋ ይጠብቃል፤ በተለይም ፍሬው ከእንጨቱ ጋር የተያያዘበትን ወገን ያያል፤ እዚያ አረንጓዴ ቀለበት ከቀረ ገና ነው። ከሁሉ ቀድሞ የቀላውም ሁልጊዜ የበሰለ አይደለም፤ ተባይ የበሳው ወይም ውሃ የጠማው ፍሬ ያለጊዜው ይቀላል።

ሁለተኛው ፈተና በጣት ነው። የበሰለውን ፍሬ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጨመቅ ቢያደርጉት ቆዳው ይከፈትና ሁለቱ ፍሬዎች ተንሸራተው ይወጣሉ፤ ዙሪያቸውን የሸፈነው የሚያዳልጥ ነገርም እንደ ማር ይጣፍጣል። አንባቢዬ ቡና ጣፋጭ ፍሬ መሆኑን ካላወቀ በዚያ አገር አንድ ፍሬ ወደ አፉ ጣል ያድርግ። ጥሬው ግን ቢጨምቁትም እንደ ጠጠር ነው። በማጠቢያው መኪና ውስጥ ሲገባም ቆዳው በደንብ አይለቅም፤ ይጨፈለቃል።

ጥሬ የተቀጠፈ ፍሬ ቅርጫት ውስጥ አድሮ መልኩን ሊለውጥ ይችላል፤ ውስጡ ግን ከእንጨቱ ከተለየ ወዲያ አይሞላም። ማስረጃውን ለማግኘት ይርጋ ጨፌ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ቤታችን ቡና ሲቆላ ሌላው ሁሉ ጠቁሮ ጥቂቱ ገርጥቶ የሚቀረውን ፍሬ ያላየ ማነው? ያ ገርጣታ፣ ብዙውን ጊዜ፣ ሳይደርስ የተቀጠፈ ፍሬ ነው፤ የገለባ ጣዕም የሚሰጠውም እርሱ ነው።

ይህን ሁሉ በጌዴኦ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ታዲያ ጥሬ ቡና ገበያ ላይ የሚታየው ስለ ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ከባዱ ነገር ማወቁ ሳይሆን መጠበቁ ነው። ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም ነው፤ ቡናው የሚቀላው በጥቅምትና በኅዳር ነው። ደብተር፣ ልብስ፣ የሕክምና ወጪ፣ ያለፈው ዓመት ብድር ሁሉም ቡናውን ቀድመው ይመጣሉ። ወር ሳይሞላ ደመወዙ ያለቀበት ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ፍሬው አረንጓዴ ሳለ በቅናሽ ዋጋ ለነጋዴ የሚሸጥ አለ፤ ሌሊት ሌባ ይወስድብኛል ብሎ ሳይደርስ የሚገፍ አለ። ቅርንጫፉን ጨብጦ መግፈፍ ደግሞ ቅጠሉንና እንቡጡን ይዞ ይወርዳልና የሚመጣውን ዓመት ምርት ጭምር ይነካል። ሻጩም በሚዛን ይጎዳል፤ የበሰለ ፍሬ ከጥሬው ይከብዳልና።

መጠበቅ የሚችለው ቤት የቱ እንደሆነ ለማወቅ ቡናውን ሳይሆን እንሰቱን መመልከት ይሻላል። እንሰት አራት፣ አምስት፣ አንዳንድ ጊዜም ሰባት ዓመት ይቆማል፤ የአበባው ዘንግ ብቅ የሚልበት ጊዜ ለመቆረጥ የተሻለው ነው፤ ነገር ግን ረሃብ ከመጣ ከዚያም አስቀድሞ፣ በማናቸውም ወር ይቆረጣል። ቆጮው በጉድጓድ ተቀብሮ ለወራት ይቆያል። ጉድጓዱ ሙሉ የሆነለት ሰው ቡናውን እስከ ኅዳር ይታገሣል፤ የእንሰት ጓሮው የሳሳበት ሰው ግን በመስከረም ወደ ቡናው ይሄዳል።

ከቀትር በኋላ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ቢወርዱ ፍሬው ሲመዘን ያያሉ። እሸቱ የተለቀመ ዕለት መፈልፈል ስላለበት ሁሉም ይቸኩላል። ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ቡና ቢገባ በመጨረሻ የሚወጣው ንጹሕ ቡና አንድ ኪሎ ግድም ብቻ ነው። ፍሬው በውሃ ላይ ሲፈስስ ባዶው፣ የደረቀውና ተባይ የበላው ይንሳፈፋል፤ አስገራሚው ነገር ጥሬው እንደ በሰለው ሁሉ መስጠሙ ነው። ስለዚህ ውሃው ጥሬውን አያጋልጠውም፤ የሴቶቹ ዓይንና ጣት ነው የሚለየው። ከመፈልፈያው በፊት ቁጭ ብለው አረንጓዴውን ሲያወጡ፣ ኋላም እንደ ብራና ባለው ሽፋኑ እንዳለ በሽቦ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ሲያገላብጡ ይውላሉ።

በደህና ጓሮ ውስጥ ለቃሚው አንዱን እንጨት ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጎበኘዋል፤ በየጊዜው ቀዩን ብቻ እየለየ፣ አንድ አንድ ፍሬ ጠምዘዝ እያደረገ ይወስዳል። በታኅሣሥ መጨረሻ እንጨቱ ላይ የሚቀረው ከቅላት አልፎ ወደ ጥቁረት የሄደው ነው። ያ ወደ ማጠቢያ አይወርድም፤ ከነቆዳው በደጃፍ ተሰጥቶ ጀንፈል ይሆናል፤ ይወቀጣል፤ እንግዳ ወደ ቤቱ ሲገባም ተቆልቶ የሚቀርብለት አብዛኛውን ጊዜ እርሱው ነው።