ብዙ ምስክር ያለው ነጥብ

የአገራችን ሰው ስለ ወሰን ሲከራከር፥ አንድ ምስክር ብቻ ቆጥሮ የመጣውን ባለጉዳይ በሙሉ ልብ አያምነውም። ምስክሩ ቅን ሰው ቢሆንም እንኳ ዓይኑ ሊደክም፥ ትዝታው ሊሳሳት፥ የቆመበትም ስፍራ ነገሩን በሙሉ ላያሳየው ይችላልና። ስለዚህ አንዱ ከላይ፥ ሌላው ከታች፥ ሦስተኛው ከማዶ ሆኖ ያየውን ይናገራል፤ ዳኛውም ቃላቸውን አስተያይቶ ይፈርዳል። እኔም ቦታን ስለሚያመለክቱት ሳተላይቶች ባሰብሁ ቍጥር ይህ የአባቶች ጥንቃቄ ትዝ ይለኛል።

የነገሩ መሠረት እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሳተላይት ያለበትን ስፍራና ሰዓቱን በሬዲዮ ሞገድ ያስታውቃል። በእጃችን ያለው መሣሪያ ምልክቱ ለመድረስ የፈጀውን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን ያሰላል። ሞገዱ በሰኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፥ የሰኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት ርቀቱን በ300 ሜትር ያዛባዋል። ሳተላይቱ የአቶም ሰዓት ይዟል፤ የእኛ መሣሪያ ሰዓት ግን ተራ ነው። ስለዚህ ኬክሮስን፥ ኬንትሮስንና ከፍታን ለማወቅ ሦስት ሳተላይት አይበቃም፤ የራሳችንን ሰዓት የሚያርም አራተኛ ያስፈልጋል።

በሜዳ ላይ ለቆመ ሰው የአሜሪካኑ ጂ.ፒ.ኤስ. ብቻውን ይህን ቍጥር አያሳጣውም። በገደል ሥር ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሰሜን ሸዋ፥ በጀማ ወንዝ ሸለቆ፥ ከአንድ ቀያሽ ጋር በዋልሁበት ቀን ገደሉ የሰማዩን እኩሌታ ጋርዶት ነበር። መሣሪያው በጂ.ፒ.ኤስ. ብቻ ሲሠራ የተገኙት ሳተላይቶች አራት ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም በጠባብ ሰማይ ተጠጋግተው ስለ ታዩ፥ ከአንድ ወገን ብቻ እንደ ተመለከቱ ምስክሮች ሆኑ። ነጥቡም ከደቂቃ ወደ ደቂቃ ይዋልል ነበር። ቀያሹ የሩስያውን ግሎናስ፥ የአውሮፓውን ጋሊሌዮና የቻይናውን ቤይዱ በጨመረ ጊዜ ግን ቍጥራቸው ከአሥር በለጠ፤ ነጥቡም ረጋ። በአጠገባችን ሁለት ጎረቤታሞች ገበሬዎች ቆመው በዝምታ ይመለከቱ ነበር። ለእነርሱ የጥቂት ሜትር ልዩነት የስንት ቁና እህል፥ ምናልባትም እስከ ልጅ ልጅ የሚዘልቅ ጠብ ነው።

ይሁን እንጂ አንባቢ ሆይ፥ ብዛት ብቻውን እውነትን አይወልድም። እያንዳንዱ ሥርዓት የራሱ ሰዓት አለው። ግሎናስ በዓለም አቀፉ ሰዓት ላይ የሚጨመረውን የሰኮንድ እርማት ይከተላል፤ ጂ.ፒ.ኤስ. ግን ስለማይከተል፥ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልዩነቱ 18 ሰኮንድ ሆኗል። መሣሪያው ይህን የታወቀ ልዩነት ካስተካከለ በኋላ የሚቀረውን ረቂቅ ልዩነት በስሌት ያገኛል፤ ለዚህም በእያንዳንዱ ተጨማሪ ሥርዓት አንድ ሳተላይት ይውልበታል። ደግሞም ከገደል ተላትሞ የሚመጣ ምልክት እንደ ገደል ማሚቶ ነው፤ ዙሮ ስለ መጣ ርቀቱን አስረዝሞ ያሳያል። ምስክሮቹ አራት ብቻ ሲሆኑ አሳሳቹን ለይቶ ማወቅ አይቻልም፤ ብዙ ሲሆኑ ግን ከሌሎቹ ቃል ጋር የማይስማማው ይገለጣል።

አንዱ ሥርዓት በሙሉ ሲታወክም ታይቷል። በኤፕሪል 2014 እ.ኤ.አ. ግሎናስ ለብዙ ሰዓት የተሳሳተ መረጃ አሠራጨ፤ በጁላይ 2019 ደግሞ የጋሊሌዮ አገልግሎት ለአንድ ሳምንት ያህል ተቋረጠ። በአንዱ ብቻ የተማመነ ሰው በእንዲህ ያለ ቀን መውደቂያ የለውም፤ ብዙዎችን የሚሰማ ግን የአንዱን ጉድለት በሌሎቹ ይሸፍናል።

የወሰን ልኬት በሴንቲ ሜትር ይጥራ ከተባለም፥ ቦታው አስቀድሞ በታወቀ ነጥብ ላይ ሌላ መሣሪያ አቁሞ ሁለቱን ማስተያየት ይገባል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሽማግሌዎቹ ተጠርተው የወሰኑን ድንጋይ ማሳየት አለባቸው። ሳተላይት ነጥቡ የት እንዳለ ይናገራል እንጂ፥ መሬቱ የማን እንደ ሆነ አይናገርምና።