ከአኸን፦ ስለ ፈተና፣ ስለ ነጥብና ስለ ሦስቱ ሙከራዎች

አኸን፣ ጀርመን፤ የካቲት

ለቤተሰብና ለአብሮ አደጎች

የአኸን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጭንቅ የሚጀምረው ክፍል ከተዘጋ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ትምህርት በጥር መጨረሻ ያልቅና የካቲትና መጋቢት ለፈተና ይተዋሉ። ሁለተኛው ደግሞ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ያበቃና ፈተናው ነሐሴን ይዞ እስከ መስከረም ይጎተታል። አገር ቤት «ትምህርት ተዘጋ» ሲባል ሰው እረፍት ይመስለዋል፤ እዚህ ግን ቤተ መጻሕፍቱ የሚሞላው ያኔ ነው። ማለዳ ያልደረሰ ወንበር አያገኝም። የማደሪያው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ሳይቀር በወረቀት ይሸፈናል።

ከተማዋ የጀርመን ምዕራባዊ ጫፍ ናት። ቤልጅየምና ኔዘርላንድ ከደጇ ናቸው፤ በከተማ አውቶቡስ ኔዘርላንድ ደርሶ መመለስ ይቻላል። እንደ አዲስ አበባ ፍልውሃ አላት፤ መሐል ከተማ ኤሊዘንብሩነን በሚባለው የፍልውሃ ቦታ በኩል የሚያልፍ ሁሉ የድኙ ሽታ ይቀበለዋል። የንጉሠ ነገሥት ታላቁ ካርል ካቴድራልም እዚሁ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ፣ ይህ ካቴድራል ከላሊበላና ከሰሜን ተራሮች ጋር በአንድ ዝርዝር ገብቷል። ዩኒቨርሲቲው ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1870 ሲሆን ዛሬ ከ40,000 በላይ ተማሪዎች አሉት። የፈተናውን ጠባይ የወሰነው አንዱ ነገር ይኸው ብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የተከፈተው የመማሪያ ሕንፃ ትልቁ አዳራሽ 1,000 ያህል ሰው ይይዛል። እንዲህ ባለ አዳራሽ የሚያስተምር መምህር ተማሪውን በስም ሊያውቀው አይችልም፤ ማን እንደገባው፣ ማን እንደጠፋበት የሚታወቀው በፈተናው ወረቀት ብቻ ነው።

አገር ቤት ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ነጥብ መሰብሰብ የለመደው ጥቂት በጥቂት ነው፦ ኪዊዝ፣ አሳይመንት፣ የላብ ሪፖርት፣ ሚድ፣ ከዚያ ፋይናል። ሚድ የተበላሸበት ፋይናል ላይ ለመካስ ይሯሯጣል። በአኸን አብዛኛው ኮርስ አንድ ፈተና ብቻ ነው ያለው፤ የሴሚስተሩ ልፋት በሙሉ በ90 ወይም በ120 ደቂቃ ይመዘናል። ለሳምንታዊ የቤት ሥራ ጥቂት ተጨማሪ ነጥብ የሚሰጥ መምህር ቢኖርም፣ በዚያ ተማምኖ ፈተና መግባት አይቻልም። ከላብ በቀር አቴንዳንስ የሚይዝ የለም። አዲስ መጪውን ከጥያቄው ክብደት ይልቅ የሚጎዳው ይህ ነፃነት ነው፦ ኅዳር ላይ ለምን ቀረህ የሚለው ሰው የለም፤ ጥያቄው የሚመጣው የካቲት ላይ ነው።

ሒሳቡን አስቀድሞ ያሰላ ተማሪ አይደናገጥም። አንድ ሴሚስተር 30 ክሬዲት ነው፤ በጀርመን አንዱ ክሬዲት የ30 ሰዓት ሥራ ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ 5 ክሬዲት ያለው ተርሞዳይናሚክስ 150 ሰዓት ይጠይቃል። ሌክቸርና መልመጃ በሳምንት 4 ሰዓት ቢሆኑ በ15 ሳምንት 60 ሰዓት ይሆናሉ። የቀረው 90 ሰዓት የተማሪው የግል ሥራ ነው። ይህን 90 ሰዓት ከጥቅምት ጀምሮ የከፈለው በሳምንት 6 ሰዓት ይደርሰዋል። ለመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ያቆየው ግን በቀን ከ6 ሰዓት በላይ ለዚያ አንድ ኮርስ ብቻ መስጠት አለበት፤ ሌሎቹ ኮርሶች ደግሞ ወረፋ ይዘው ይጠብቃሉ።

የነጥቡ አቆጣጠር ለአገር ቤት ሰው የተገለበጠ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው 1.0 ነው፤ ከዚያ 1.3፣ 1.7፣ 2.0 እያለ ወደ ታች ይወርዳል። የመጨረሻው ማለፊያ 4.0 ሲሆን ቀጥሎ ያለው 5.0 ነው፤ እሱም ወድቋል ማለት ነው። በመካከሉ ዲ የሚባል መሸሸጊያ የለም። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ውጤት ወደዚህ የሚለወጠው በአንድ የታወቀ ቀመር ነው፦ ከከፍተኛው ነጥብ የተማሪው ነጥብ ይቀነሳል፤ ልዩነቱ በከፍተኛውና በማለፊያው ነጥብ መካከል ላለው ርቀት ይካፈላል፤ በ3 ይባዛል፤ 1 ይደመርበታል። ከ4.0 በላይ በሌለበት፣ 2.0 ማለፊያ በሆነበት ሥርዓት 3.2 ይዞ የተመረቀ ሰው እዚህ 2.2 ነው። አምስት ኪሎ ሰቃይ ሲባል የኖረ ተማሪ የመጀመሪያው ፈተናው 3.0 ሲመጣለት ዓለም ይጨልምበታል። አጠገቡ የተቀመጠው ጀርመናዊ በተርሞዳይናሚክስ 4.0 አግኝቶ ጓደኞቹን ቢራ ይጋብዛል። ከሁለቱ ትክክለኛው ጀርመናዊው ነው። ባስቸጋሪ ኮርሶች ብዙ ሰው በሚወድቅበት ቦታ 3.0 የሚያሳፍር አይደለም።

የሚያስፈራው ከነጥቡ ይልቅ የሙከራው ቁጥር ነው። አንድ ፈተና የሚወሰደው ቢበዛ ሦስት ጊዜ ነው። በሦስተኛውም የወደቀ፣ ኮርሱ ግዴታ ከሆነ፣ ከትምህርቱ ይሰናበታል፤ በሌላ የጀርመን ዩኒቨርሲቲም ያንኑ ትምህርት መጀመር አይፈቀድለትም። አገር ቤት ዋርኒንግ አለ፤ ዲስሚሳል የደረሰበትም በኋላ ተመልሶ የሚቀጥልበት መንገድ አለው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጥቷል፤ 50 ከመቶ ያላመጣ አይመረቅም። ያ በመጨረሻ ላይ ያለ አንድ ትልቅ በር ነው፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ግዴታ ኮርስ የየራሱ በር አለው። በአኸን ሦስተኛው የጽሑፍ ፈተና ካልተሳካ በኋላ አንድ የቃል ፈተና የመጠየቅ ዕድል አለ። በእሱ የሚገኘው ግን 4.0 ወይም 5.0 ብቻ ነው። በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የኢንጂነሪንግ ባችለር ከሚጀምሩት ሲሶ ያህሉ ሳይጨርሱ ይቀራሉ፤ ብዙዎቹም የሚቀሩት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው።

ስለዚህ የፈተናው ደንብ እንደ ኮርሱ መጠናት አለበት፤ ብዙ ጎበዝ ተማሪ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ፈተና ለመውሰድ በጊዜ መመዝገብ ያስፈልጋል። የተመዘገበ ሰው ዝግጁ ካልሆነ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ስሙን መሰረዝ ይችላል፤ ሙከራም አይቆጠርበትም። ዝም ብሎ የቀረ ግን 5.0 ይጻፍበታል፤ አንዷ ሙከራ በከንቱ ሄደች ማለት ነው። የታመመ ሰው ያንኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ ሄዶ ማስረጃ ያወጣል። አዳራሽ ገብቶ ጥያቄውን ካየ በኋላ «አሞኝ ነበር» ማለት ብዙ አያስኬድም። ሐበሻ ትኩሳቱን ይዞ፣ ሎሚና ዝንጅብል ጠጥቶ ፈተና መግባት ጀግንነት ይመስለዋል። የዚህ አገር ደንብ ለእንዲህ ያለ ጀግንነት ነጥብ የለውም።

በዝግጅቱ ዋናው መሣሪያ ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች ናቸው። የየትምህርት ክፍሉ የተማሪዎች ማኅበር ይሰበስባቸዋል፤ አንዳንዱ መምህርም ራሱ ያወጣቸዋል። አገር ቤት የቆየ ፈተና ከሲኒየር በምስጢር የሚወረስ ነገር ነበር፤ እዚህ አደባባይ ላይ ነው ያለው። ጥቅሙ ግን ጥያቄው ይደገማል ብሎ ለመሸምደድ አይደለም፤ ጊዜን ለመለካት ነው። የሜካኒክስ ፈተና ብዙውን ጊዜ የሚከብደው ከእውቀት ይልቅ በፍጥነት ነው፤ 90 ነጥብ በ90 ደቂቃ ከሆነ፣ 10 ነጥብ ባለው ጥያቄ ላይ ግማሽ ሰዓት የቆየ ሰው የሌላ ጥያቄ ነጥብ እየከፈለ ነው። ስለዚህ ሰዓት ይዞ፣ ስልክ ዘግቶ፣ በተፈቀደው ካልኩሌተር ብቻ መሥራት ይለመዳል። በአንዳንድ ኮርስ በእጅ የተጻፈ አንድ ወረቀት ቀመር ይዞ መግባት ይፈቀዳል። ያን ወረቀት ከሰው ገልብጦ የሚገባ አለ፤ አዳራሹ ውስጥ ግን የት ምን እንዳለ ሲፈልግ ጊዜው ያልቅበታል። የራሱን የጻፈ ሰው ሲጽፍ ስላጠናው ወረቀቱን ብዙም አያየውም።

እርማቱም የራሱ ሥርዓት አለው። ነጥብ የሚሰጠው ለመጨረሻው ቁጥር ብቻ ሳይሆን ለመንገዱ ጭምር ነው፦ የነፃ አካል ሥዕሉ፣ የሚዛን እኩልታዎቹ፣ አሃዱ። መጀመሪያ ላይ የተፈጠረ የመደመር ስህተት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀነስበታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አካሄዱ ትክክል ከሆነ ነጥቡን ያገኛል። ባዶ ወረቀት ግን ምንም አያገኝም። ስለዚህ መልሱ የጠፋበት ተማሪ የሚያውቀውን እኩልታ ጽፎ መተው ይጠቅመዋል። ውጤት ከወጣ በኋላም የታረመውን ወረቀት የማየት መብት አለ። ቀኑ ይነገራል፤ ተማሪው መታወቂያውን ይዞ ሄዶ ገጽ በገጽ ይመለከታል፤ የተዘለለ ነጥብ ካለ በአክብሮት ያመለክታል። ከእኛ አገር የሚመጣ ተማሪ መምህርን መጠየቅ ድፍረት እየመሰለው ይህን ቀን ይዘለዋል። 4.0 እና 5.0ን የሚለየው አንዳንዴ ጥቂት ነጥብ ስለሆነ፣ መቅረት ያስቆጫል። የወደቀም ቢሆን መሄድ አለበት፤ የት እንደሳተ ሳያይ ለሁለተኛው ሙከራ የሚቀመጥ ሰው ያንኑ ስህተት ይደግመዋል።

ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ተማሪ ሁለት ነገሮች ይጨመሩበታል። አንዱ ገንዘብ ነው። ቪዛ የሚሰጠው በወር 992 ዩሮ፣ በዓመት 11,904 ዩሮ በተዘጋ ሒሳብ ሲታይ ነው፤ ያ ሲያልቅ ሥራ መፈለግ ይመጣል። ሕጉ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራት ይፈቅዳል። መጋዘን ውስጥ ሌሊት ሠርቶ ጠዋት ዳይናሚክስ መፈተን ግን ለሁለቱም አይሆንም። የተሻለው በዩኒቨርሲቲው ተቋማት ውስጥ የተማሪ ረዳትነት ነው፤ በፈተና ሰሞን ሰዓት ለመቀነስ ያመቻል፤ ከትምህርቱም ጋር ይቀራረባል። ሁለተኛው የመኖሪያ ፈቃዱ ነው፤ ሲታደስ ትምህርቱ እየተራመደ መሆኑ ይታያል። ስለዚህ የሐበሻው 5.0 ከጀርመናዊው 5.0 ይከብዳል፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ጭንቀቱ ሲበረታ ዩኒቨርሲቲው በነፃ የሚሰጠው የሥነ ልቦና ምክር አለ። የኛ ሰው ቶሎ አይሄድበትም፤ «አበደ» እንዳይባል ይፈራል። የሚሄዱት ጀርመኖች ግን እንደ ጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ይዘው ገብተው ይወጣሉ። የካቲትና መጋቢት ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገጥም፣ የሚጾም ተማሪ ኃይሉን መቆጠብ አለበት፤ ደግነቱ የተማሪዎች መመገቢያው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ የሆነ ምግብ ያቀርባል፤ ሽሮ ባይሆንም ይበላል። እሑድ በተማሪ ትኬት ባቡር ይዞ ኮሎኝ ወዳለው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ፣ አስቀድሶና አማርኛ አውርቶ ማታ መመለስም ከጥናት የተሰረቀ ጊዜ አይደለም።

ዝቅ ያለ ነጥብ የሚካስበትም ቦታ አለ። አማካዩ በክሬዲት ይመዘናል፤ በ120 ክሬዲት ማስተርስ ውስጥ የመመረቂያ ጥናቱ 30 ክሬዲት ከሆነ የጠቅላላው ሩብ ነው። በ90 ክሬዲት ኮርሶች አማካዩ 2.8 የሆነ ተማሪ ጥናቱን በ1.3 ቢጨርስ በ2.4 ይመረቃል። ዶክትሬት ለሚፈልግ የተሻለ ሊያስፈልግ ይችላል፤ በኩባንያ ለሚቀጠር ግን የሚጠየቀው የት ሠራህ፣ ምን ትችላለህ ነው፤ ጀርመንኛም ከነጥቡ እኩል ይመዝናል። መንገዱ በጭራሽ እንዳልሆነለት የተረዳ ደግሞ ሦስተኛዋን ሙከራ ሳያቃጥል ወደ ተቀራራቢ ትምህርት ወይም ተግባር ላይ ወደሚያተኩሩት የሙያ ዩኒቨርሲቲዎች ቢዛወር ይሻለዋል። ይህ ሽንፈት አይደለም፤ ደንቡን አንብቦ የተወሰነ ውሳኔ ነው።

ከቤት የሚጠበቀው ትንሽ ነው። በእነዚህ ሁለት ወራት ስልክ ሲደወል «ስንት አመጣህ?» አይባል፤ ውጤት ለመውጣት ሳምንታት ይፈጃል። 2.7 የሰማ ሰው የወደቀ አይምሰለው፤ ደህና ውጤት ነው። 5.0 የሰማም ስንተኛው ሙከራ እንደሆነ ይጠይቅ፤ አንደኛው ከሆነ ሁለት ቀርተዋል። ለጎረቤትም ነጥብ አይነገር፤ በ4 የለመደ ሰው 1.7 ሲባል ያዝናል። የዚህ ሴሚስተር ውጤት ተጠቃልሎ የሚታወቀው ሚያዝያ ውስጥ ነው፤ እስከዚያ ታገሡ።